ጥሩ ከሆነ ለምን ይሸጡታል?

(ባቱ ከተማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፤ የመኪና ደላላው ለቁርስ ወጣ ብሏል፤ በግቢው ውስጥ የቀሩት አንድ ነጭና አንድ ቡኒ ያገለገሉ ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም አንድ አጥር እየተጋሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያልተጋሩት ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቱሪስት ያመላለሰው ሾፌር አቶ ቱፋ እና በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን የምታከራየው ወይዘሮ ትርንጎ።)

ትርንጎ፦ ነጩን ይዩልኝ ብዬ ነው ያመጣሁዎት አቶ ቱፋ፤ የራስዎን አሮጌ ይሽጡልኝ አላልኩም።

ቱፋ፦ አየሁልሽ፤ አትግዢው አልኩሽ። "ታዲያ የቱን ልግዛ?" አልሽ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁለት መኪና ነው። አንዱ አይሆንም ካልኩ፣ የቀረው የኔ መሆኑ ጥፋት ነው?

ትርንጎ፦ ደላላው ቀድሞ ነግሮኛል። "ቱፋ ነጩን ያጣጥልብሻል፤ ቡኒውን ካመጣልኝ ወር ሆነው፣ ገዢ አጥቷል" ብሎኛል።

ቱፋ፦ ደላላ ሲያማኝ ደስ ይለኛል። ቢያመሰግነኝ ነበር የምሰጋው።

ትርንጎ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥሩ በኩል "እንዴት አደራችሁ" ያላሉ ሰው፣ ዛሬ ለኔ አሳቢ ሆኑ።

ቱፋ፦ ሰላምታውን ያቋረጥሽው አንቺ ነሽ። "እንዴት አደርሽ" ብዬሽ እጣቢ ደፋሽብኝ።

ትርንጎ፦ እጣቢ የትም ይደፋል። እዚያ መቆምዎን አላየሁም።

ቱፋ፦ ስሜን እየጠራሽ ነበር የደፋሽው።

ትርንጎ፦ አቶ ቱፋ፣ አንድ ነገር እንተዋወቅ። ልታረቅ አልመጣሁም። የላከኝ አሰግድ ነው። ባሌ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት? "የአሸዋ መኪና የሚያውቅ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ነው። አፉን አላምነውም፣ እጁን ግን አምነዋለሁ። ቱፋ ዳስሶ ይሁን ካለ እነዳለሁ፤ ካላለ አልነዳም" አለኝ። ይህን ባይለኝ ኖሮ የእርስዎን በር ከማንኳኳ እጄን ቢቆርጡኝ እመርጥ ነበር።

ቱፋ፦ አሰግድ ሊነዳ ነው?

ትርንጎ፦ ምነው፣ ደነገጡ?

ቱፋ፦ መጠየቅ መደንገጥ ነው?

ትርንጎ፦ እንደ ጠያቂው ነው። ሐሙስ ስምንት ወፍ ተመልካቾች ይመጡብኛል። ከአስፋልቱ እስከ ድንኳኖቼ ድረስ ያለው አሸዋ ነው፤ ከዚያም በየሐይቁ ዳር አሥር ቀን አዙሩን ብለዋል። ሾፌሬ አሰግድ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት መሪ ያልጨበጠ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን መኪናው ከሥሩ ከቀረበት፣ ከእንግዲህ ከአልጋው የሚያነሳው የለም። ስለዚህ ቀልዱን ይተዉትና ነጩ ምን ሆነ?

ቱፋ፦ ነጩማ ላዩ ለሠርግ፣ ውስጡ ለቄስ ነው። የማን ነበር አለሽ ደላላው?

ትርንጎ፦ የአንዲት የአዲስ አበባ ዶክተር ነው አለ። ከቤቷ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤቷ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። አቧራ አያውቅም አለ።

ቱፋ፦ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ዳሎል ነበር መሰለኝ። ነይ ዝቅ በይ። እዚህ፣ ከኋላ ጎማው በላይ፣ መኪናውን በሚሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን ጣትሽን አሻሺና ቅመሺ።

ትርንጎ፦ መኪና ልልስልዎት?

ቱፋ፦ እኔ ልሼዋለሁ። የኔን ምላስ ስለማታምኚ ነው የራስሽን የምለምንሽ።

ትርንጎ፦ ... ጨው ነው።

ቱፋ፦ ጨው ነው። ይህ መኪና አፋር፣ የጨው ሜዳ ላይ ዓመታት ቱሪስት ሲያመላልስ ኖሮ ነው የመጣው። ላዩን ቀቡት፤ ሥሩን ማጠብ ረሱ። ካቻቢቴዬን እዪው፣ እዚህ ጋ ገፋ ሳደርገው እንደ ቢላ ዳቦ ውስጥ ነው የገባው። ሻንሲው ግማሹ ብረት ነው፤ ግማሹን በስቶኮ ለስነው ቀለም ቀብተውታል። አስፋልት ላይ ይሄዳል፣ አልዋሽሽም። አሸዋ ውስጥ ሲታገል ግን ወገቡ ለሁለት ይቆረጣል።

ትርንጎ፦ ጎማው ሰፊ ነው፣ ገና አዲስ ነው። ጣሪያውም ይከፈታል፤ ወፍ የሚያዩት ቆመው ያዩበታል።

ቱፋ፦ ጎማ ጫማ ነው። ወገቡ የተሰበረ ሰው አዲስ ጫማ ስለገዛ አይሮጥም። ደግሞም ከባድ ነው። አሸዋ የሚወደው ቀላል መኪና ነው። የጎማውን ነፋስ ግማሹን ታስተነፍሺዋለሽ፤ እንደ ግመል ኮቴ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሳትቸኩዪ፣ ሳትቆሚ፣ መሪውን ሳታንገላቺ ማለፍ ነው። ለዚህ ደግሞ የኔዋን የመሰለች የለችም። ባሌስትራዋ፣ የሥሯ ሞላ፣ ደህና ብረት ነው። ከመብራቷና ከጥሩምባዋ በቀር የኤሌክትሪክ ጣጣ የላትም። ብትበላሽ በመዶሻና በሽቦ ትነሳለች። ሻላ ዳር ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ አይገኝም።

ትርንጎ፦ በሩ በገመድ ነው የታሰረው።

ቱፋ፦ በሩ ነው እንጂ ሞተሩ በገመድ አልታሰረም።

ትርንጎ፦ የመቀመጫው ስፖንጅ ወጥቶ እንግዳ ይቀበላል።

ቱፋ፦ ወፍ ተመልካች የሚያየው ወደ ላይ ነው።

ትርንጎ፦ ቆይ። ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ይሸጡታል?

ቱፋ፦ ሰው የሚሸጠው መጥፎውን ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ጥሩ በሬም ገበያ ይወጣል።

ትርንጎ፦ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች። የጠየቅኩት ስለ በሬ አይደለም።

ቱፋ፦ አርጅቻለሁ።

ትርንጎ፦ ባለፈው ሳምንት የውሃ በርሜል በትከሻዎ ተሸክመው ሲያስገቡ አይቻለሁ።

ቱፋ፦ ሰላም አትይኝም እንጂ ታይኛለሽ ማለት ነው።

ትርንጎ፦ የተጣሉትን ሰው ከማየት በላይ ምን ሥራ አለ? ለምን ይሸጡታል?

ቱፋ፦ ሥራ የለማ። ቱሪስት ጠፋ፣ ምን ላድርገው።

ትርንጎ፦ ሥራ አለ። ሚስትዎ ለእድር ሽንኩርት ስንከትፍ ነግራኛለች፤ የተጣላሁት ከእርስዎ እንጂ ከእሷ አይደለም። ያ የሐይቁ ዳር ሆቴል ሦስት ጊዜ ልኮብዎት ሦስቴም "አሞኛል" አሉት። "ምን እንዳመመው ለኔም አልነገረኝ" ብላ አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ይሁን እርስዎ አላወቅሁም። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ መኪናው በር ላይ ቆሞ እርስዎ በባጃጅ ገበያ ሄዱ። የሠላሳ ዓመት ሾፌር በባጃጅ። አቶ ቱፋ፣ ይህ መኪና ጉድ አለበት። ባለቤቱ የፈራው መኪና ላይ ባሌን አላስቀምጥም።

ቱፋ፦ መኪናዋ ጉድ የለባትም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ጉዱ የማን ነው?

ቱፋ፦ ሞተሩን ላስነሳልሽና ስሚው። ድምፁ ይነግርሻል።

ትርንጎ፦ ሞተሩ አይደለም የሚነግረኝ፣ እርስዎ ነዎት። የዛሬ ሁለት ዓመት አብያታ ዳር ከፊት የነበረው ይኸው መኪና አይደለም? እርስዎ ከፊት፣ አሰግድ የአስጎብኚ ድርጅቱን ትልቅ መኪና ይዞ ከኋላ። እርስዎ አለፉ፤ እሱ ሰመጠ። መኪናውን እስከ መስኮቱ ጭቃ በላው። ፈረንጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሦስት ሰዓት በእግራቸው ሄዱ። እሁድ በእድሩ ስብሰባ ተነስተው "ተከተለኝ ብዬው ነበር፤ ዱካዬን ለቅቆ ነው የሰመጠው" አሉ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ካለ አለ ነው። አሰግድ "ንቅንቅ አላልኩም" ቢል ማን ሰማው? ድርጅቱ አባረረው። ከዚያ ወዲህ በከተማው ስሙ "ጭቃው" ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር "ጭቃው፣ ጎኑን ልቀንስልህ?" ይለዋል።

ቱፋ፦ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም።

ትርንጎ፦ ምሳሩን ያቀበሉት ግን እርስዎ ነዎት። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት። ለምን ይሸጡታል?

ቱፋ፦ ግራ ዓይኔ አያይም።

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ቱፋ፦ ሰምተሻል። ቀኙ ሰው ይለያል፤ ሜዳ አይለይም። ከሩቅ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ነጭ ነው። መኪናዋ ደህና ናት፤ ባለቤቷ ነው የታወረው። ይኸው መልስሽ። አሁን ሞተሩን እንስማ።

ትርንጎ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ቱፋ፦ ስለ መኪና ነው የመጣሽው።

ትርንጎ፦ ከመቼ ጀምሮ አቶ ቱፋ?

ቱፋ፦ ... ከአብያታው ሁለት ክረምት በፊት።

ትርንጎ፦ ይቀጥሉ።

ቱፋ፦ የአብያታ ዳር ሁለት ዓይነት ነው። ቡናማው መኪና ይሸከማል። ነጩ፣ ያ ሶዳው የጋገረው፣ ከላይ ቅርፊት ነው፣ ከታች ገንፎ። ይህን ከብት እንኳ ያውቃል፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ለኔ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ገባሁበት። የኔዋ ቀላል ናት፣ ቅርፊቱ ሳይሰበር አሳለፋት። አሰግድ ከባዱን ይዞ ከኋላዬ መጣ። ዱካዬን አልለቀቀም። አንድ ስንዝር አልለቀቀም። ቢለቅማ ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ትርንጎ፦ ሁለት ዓመት።

ቱፋ፦ በመጀመሪያው ቀን አፌ ቀደመኝ። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ሲያምነኝ ደግሞ እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝም።

ትርንጎ፦ የእርስዎ መንጃ ፈቃድ እንዳይነጠቅ የባሌን ስም ነጠቁት።

ቱፋ፦ መኪናዋን ውሰጂያት። ብር አልፈልግም። ዛሬውኑ ስሙን አዛውርልሻለሁ።

ትርንጎ፦ ስጦታዎን ለሌላ ጎረቤት ይስጡት። ደላላው በጠራው ዋጋ እገዛታለሁ። ግን አሰግድ ቁልፏን ከመንካቱ በፊት፣ ነገ በእድሩ ስብሰባ ተነስተው አሁን ያሉኝን ይላሉ። በእድር ፊት የታሰረ ነገር ጓሮ አይፈታም።

ቱፋ፦ ለአሰግድ ለራሱ ልንገረው። አሁን መጥቼ እግሩ ላይ ልውደቅ፤ ድንጋይ አሸክሚኝ ብትዪም እሸከማለሁ።

ትርንጎ፦ አሰግድማ ያውቃል፤ ዱካዎን ተከትሎ የነዳው እሱ ነው። የማያውቁት ሌሎቹ ናቸው።

ቱፋ፦ ትርንጎ፣ ዓይኔ ሄደ፣ ሥራዬ ሄደ። በዚህ ከተማ የቀረኝ "ቱፋ አዋቂ ነው" የሚሉት ነገር ብቻ ነው። እሱንም ልጣል?

ትርንጎ፦ እሱን ለባሌ ማን አስቀረለት?

ቱፋ፦ እምቢ ካልኩስ?

ትርንጎ፦ ደላላው ሲመለስ ነጩን እገዛለሁ።

ቱፋ፦ ጨውን በምላስሽ ቀምሰሽ?

ትርንጎ፦ ቀምሼ። አሰግድ "ቱፋ ይሁን ካለ እነዳለሁ" ነው ያለው። ብሏል እለዋለሁ። ሰው ፊት ዓይንን ሳያሹ መዋሸት እንዴት እንደሆነ ከጎረቤቴ ተምሬያለሁ። ሐሙስ ስምንት ሰው ጭኖ አሸዋው ውስጥ ይገባል። እርስዎም ቤትዎ ቁጭ ብለው ወሬውን ይጠብቃሉ። ያኔ ሁለተኛ ጊዜ አሰመጡት ማለት ነው፤ ያሁኑን ግን ዓይኔ ነው አይሉም።

ቱፋ፦ አታደርጊውም። ባልሽን ትወጂዋለሽ።

ትርንጎ፦ ላላደርገው እችላለሁ። አያደርጉትም ብዬ ያሰብኩት ሰውም ነበር፤ አደረገው።

ቱፋ፦ ክፉ ሴት ነሽ።

ትርንጎ፦ ከሁለት ዓመት በፊት "ጋሼ" እያልኩ ሽሮ በአጥር የማቀብልዎት ሴት ነበርኩ። ይኸው ደላላው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ። የየትኛውን ቁልፍ ልበለው?

ቱፋ፦ ... የቡኒዋን በዪው። ነገም ሳትሄዱ ጠብቁኝ፤ የእድሩ ቤት ደረጃ ከየት እንደሚጀምር አይታየኝም።