የኔታ የመረጡልኝ አምፕሊፋየር

ለቤቴ ስፒከሮች የሚሆን አምፕሊፋየር በጆሮዬ ሳልሰማ አልገዛም ብዬ፣ ሁለቱንም ስፒከሮች በባጃጅ ጭኜ ደብረ ታቦር ገበያ አንድ ሱቅ ሄድኩ። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝን ዓይነ ስውሩን የኔታንም ይዣለሁ፤ እሳቸውን ጌጥ አያታልላቸውም። ባለሱቁ ሁለት አወጣ። አንዱ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሌላው ርካሽ፣ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ትንሽ።

«ወንድሜ፣ ትንሹ ለሠርግ አይሆንህም» አለኝ።

«የምደግሰው ሠርግ የለም። ሁለቱንም ድምፃቸውን ቀንሰህ ክፈትልኝ።»

ልጆች ሳለን የኔታ ፊት ስናዜም በካሴት የተቀዳውን ከስልኬ አጫወትኩ። በትልቁ ሰምተው «ደህና ብላችኋል» አሉ። በትንሹ ግን ገና ከመጀመሩ እጃቸውን አነሱ።

«አቁመው። ይቺን ቃል የዋጥካት አንተ ነህ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተነቃብኝ ስህተት ነበር። ባለሱቁ ፊት አንገቴን ደፋሁ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«በል ትንሹን ግዛው፤ ይኼ አይደብቅም። ነገ ጠዋት ደግሞ ትመጣለህ፤ ቃሏን እንደገና ትላታለህ።»