የተገለበጠችው ቅጠል

ከሰጠሙ መርከቦች የወጡ ዕቃዎች ወደሚጠገኑበት ቤት የሄድሁት ለተማሪዎቼ ጉብኝት ላስፈቅድ ነበር። በሩ ላይ የሰፈራችንን አንጥረኛ አገኘኋቸው። ከዘራቸውን ጨብጠው የሚወጣውን ሰው ሁሉ እጅ እጁን ያያሉ።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?»

«ምን ደህንነት አለ! የእህትህ ቀለበት ሳይሆን አይቀርም፣ ናና ለይ አሉኝ። ውሰድ ግን አይሉም። ንጹሕ ነገር ከሆነ ምን ያስደብቃቸዋል?»

ታናሽ እህታቸው ገና ሙሽራ ሳለች በመርከብ አደጋ እንደቀረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀለበቷን የሠሩላት እሳቸው ነበሩ፤ ሌላ ማስታወሻ የላቸውም። አብሬያቸው ገባሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጠብ ቢነሳ ልገላግል ብዬ ነው።

ወጣቷ ባለሙያ ውሃ ከሞላበት ሳህን ውስጥ ያረረ ሽንኩርት የሚመስል ነገር አሳየቻቸው።

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም!» አሉ። «የኔ ብር ነው፣ ያበራል። ለውጣችሁታል!»

«አልለወጥነውም አባባ። ባሕሩ ብሩን በልቶ ጥቁር ቅርፊት አድርጎታል።»

«እንግዲያው ወዲህ በይው! በእሳት አግዬ በአሲድ ሳጥበው ይለያል። ዕድሜዬን የኖርሁበት ሙያ ነው።»

«ለደህና ብር ልክ ነዎት። የዚህ ቀለበት የቅጠል ቅርጽ ግን አሁን ያለው ቅርፊቱ ላይ ብቻ ነው። ከታጠበ ቅርጹም አብሮ ይሄዳል።»

«ከባሕር አውጥታችሁ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉስ?»

«ጨው ቀስ እያለ እንዲለቀው ነው፤ ውሃውን እንለዋውጣለን። በድንገት ከደረቀ ጨው ውስጡ ይጠጥርና ይሰነጥቀዋል።»

«አፈ ጮሌ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እያታለለችን አይደል?»

እኔም አላመንኋትም ነበር።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ቀለበቱን ከነውሃው አጉሊ መነጽር ሥር አስገብታ ወንበር ሳበችላቸው። ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ።

«አንዷ ቅጠል ተገልብጣለች» አሉ።

«አዎ። የሠሪው ስሕተት መስሎን ነበር።»

«ስሕተት ነው። የኔ ስሕተት ነው! እህቴ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ዐይኔ እንባ እንደሞላ ቀረጽኋት። ላስተካክላት ስል እህቴ ‹እንዳትነካት፣ ያንተ እጅ መሆኑን የማውቀው በሷ ነው› ብላ ከለከለችኝ።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ዛሬ ባጥበው ኖሮ እኮ... ራሴ አጥፍቻት፣ እናንተን ሌባ እያልሁ እሞት ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ ዕቃ ስላላበራ ቆሽሿል ማለት አይደለም። ፈግፍገን ከምናሳምረው ለሚያውቅ ሰው ብናሳየው፣ የሠራው እጅና የለበሰው ሰው ሳይጠፉብን ይቆያሉ። ሙያም ቢሆን አዲስ ነገር ሲሰማ አይዋረድም፤ ይሰፋል እንጂ።

እኔም በተራዬ ልይ ብዬ ጣቴን ወደ ሳህኑ ሰደድሁ።

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ ጋሼ በጥርጣሬ እያዩኝ። «ቅርፊቱን ልትልጥብኝ ነው?»