ሽቦ ያነቀው ሊንደን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲህ ነው አይደል የሚባለው? እትዬ ካሰች፣ ሬስቶራንትዎን ዘግተው ስለሸኙኝ፣ አለቃዬ ጋሼ ግሩም፣ ኬኩን ስለገዙልኝ አመሰግናለሁ። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ፈርቼ ነው፣ አትሳቁ። ኦኬ፣ ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

እዚህ ጓሮ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ስጀምር ሁለት የሊንደን ዛፎች ነበሩ። አሁን አንድ ነው። ሌላኛው የታለ? ኬኩን ያስቀመጣችሁበት ጉቶ እሱ ነው።

ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉ ሲደርቅ የውሃውን ጎማ ሥራቸው ላይ ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ። ሊሊ ከኪችን ብቅ ትልና፣ "የዛፍ ነርስ፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?" ትለኛለች።

ታንቆ አደረ፣ ሊሊ።

በየእንቁጣጣሹ ባንዲራ በሽቦ ግንዱ ላይ ታስራላችሁ፣ ሽቦውን ግን ማንም አይፈታም። ዛፍ ይወፍራል እኮ። ሽቦ አይሰፋም። እያያችሁት ቅርፊቱ ውስጥ ገባ፣ ዛፉ ደረቀ፣ ተቆረጠ፣ "ለአንድ መኪና ቦታ ተገኘ" አላችሁ።

ሶ ዘንድሮ ሁለተኛውም ሲታነቅ ሳይ ፒንሳ ይዤ መሰላል ወጣሁ፣ ሽቦውን ስቆርጠው ባንዲራው ወደቀ፣ ጋሼ ግሩም ሮጠው መጡና እኔ ላዩ ላይ እያለሁ መሰላሉን ነቀነቁት። አይደለም እንዴ ጋሼ? "እወድቃለሁ ጋሼ" ስልዎ፣ "ባንዲራው ወድቆ አንቺ ማን ነሽ?" አሉኝ። ሁላችሁም በመስኮት ታዩ ነበር። ሊሊ ቪዲዮ ታነሺ ነበር። እትዬ ካሰች ደግሞ "ባንዲራ የምትጥል ልጅ አላሠራም" አሉ፣ ይኸው ኬክ።

እኔ ባንዲራ አልጠላሁም። በገመድ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በዓሉ ሲያልፍ ፍቱት፣ ይሄ ከባድ ነው? እናንተ ግን በአዲስ ሽቦ፣ ከድሮው አጥብቃችሁ አሰራችሁት።

ነገ ዌስትቼስተር ያለ ሆቴል አንሶላ ልቀይር ሥራ እገባለሁ። ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ይውጣና ሽቦውን ይቁረጥልኝ፣ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ። አልነቀንቅም።

ማን ይነሳል? ሊሊ፣ አንቺስ?

ኦኬ።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበሉ። አላህ ያወፍራችሁ፣ ቤታችሁን ያስፋው፣ ልጆቻችሁን ያሳድግ። አንገታችሁ ላይ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ደግሞ፣ በመስኮት ከሚያይ ሰው ይጠብቃችሁ።

አሜን በሉ። እኔ ፒንሳዬን ይዤ እየወጣሁ ነው። ጋሼ ግሩም፣ ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛዎ አይደለሁም፣ መሰላሉን እንዳይነኩት።