የጎን በር ያስከፈቱት ሐኪም

ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነብላችሁ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም በበኩሉ አዘጋጅቶ የላከልን ጽሑፍ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እህታችን የተካፈሉባቸው ጉባኤዎች፣ የከፈቷቸው ሥልጠናዎችና የተቀበሏቸው የምስክር ወረቀቶች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ሳለ የታመመ ልጅ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ባለመነሣቱ፣ ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ ለደከማችሁበት እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ ወደ ጎን አስቀምጦታል።

እህታችን ዶክተር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በስልክ ማዞሪያ ሠራተኛነት ከኖሩት እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመት የተወለዱ ሲሆን፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ምላሳቸው ስለት የነበረው ገና ከወተት ጥርሳቸው ነው። አባታቸው የደንበኛን ወገብ ለክተው «አልወፈሩም፣ እንዲያውም ቀነስ ብለዋል» ሲሉ፣ እርሳቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ብቅ ብለው በሜትሩ ላይ ያነበቡትን ቁጥር ጮክ ብለው ይናገሩ ስለነበር፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወደ ጓሮ እንዲወጡ ይደረጉ እንደነበር እናታችን በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ያጫውቱን ነበር። ይህን ጠባያቸውን ትምህርት ቤት አላረመውም፤ ሹመትም አላረመውም።

በትምህርታቸው የሚደርስባቸው ስላልነበረ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲገቡ የገረመው ሰው የለም። አባታችንም የልብ ቀዶ ሐኪም አባት ለመባል ልባቸውን አዘጋጅተው፣ ለምረቃው የሚለብሱትን ሱፍ ሦስት ዓመት አስቀድመው ሰፍተው ሰቀሉት። በመጨረሻው ዓመት ግን ትምህርት ቤቱ የሙያ መምረጫ ቀን የሚባል ዝግጅት አደረገ፤ እያንዳንዱ የሕክምና ዘርፍ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተማሪ የሚያባብልበት ገበያ መሆኑ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ዙሪያ መርፌ መጣያ ሲጠፋ፣ የሕፃናት ሕክምናው ጠረጴዛ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተጥሎ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ፕሮፌሰር ፊኛ በታሰረበት ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። ከሆስፒታሉ የመጣው ጽሑፍ፣ ዶክተር ሙያውን የመረጡት ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሕፃናት በነበራቸው ጥልቅ ፍቅር ነው ይላል። ውሸት ነው። ውጭ ዝናብ ይዘንብ ስለነበረና ባዶ ወንበር የተገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው የተቀመጡት። ፕሮፌሰሩ ነቅተው አዩአቸው፤ ሙያውን አላሞገሱላቸውም፣ ከረሜላም አላቀረቡላቸውም። «የሚጮኸው ልጅ አያስፈራሽ፤ ዝም ያለውን ፈልጊ፣ እሱ ነው የሚሞትብሽ» ብለዋቸው ተመልሰው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ዝናቡ ሲያባራ ዶክተር ስማቸውን አስመዝግበው ወጡ። አባታችን ወሬውን ሲሰሙ ሱፉን ከመስቀያው አውርደው ለደንበኛ ሸጡት።

ከዚያም የስፔሻሊስትነት ትምህርታቸውን አጠናቀው በዚህ ከተማ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻውም ሌላ መሥሪያ ቤት አልሞከሩም። ተለማማጅ ሐኪሞች እርሳቸው በሌሉበት «እሬት» እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም ስሙን ያወጣችውን ተለማማጅ ደርሰውባት፣ በምርመራም እንደዚህ ብትጎብዢ ምን ነበረበት ብለዋት እንዳለፉ እርሷው ራሷ ነግራናለች። እናቶች ከክፍላቸው ሲወጡ ያጉረመርማሉ፤ ልጃቸው ባተኮሰው በነጋታው ግን እርሳቸውኑ ፍለጋ ተመልሰው ይመጣሉ።

ከመሬት ቀያሽ ባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በዚሁ ክፍል ነው። ባለቤታቸው የእህታቸው ልጅ ትኩሳት ይዟት ታቅፈዋት እየሮጡ ሲገቡ፣ ዶክተር ሕፃኗን አይተው ካበቁ በኋላ፣ «ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ አንተ ግን ቁጭ በል፣ ልትወድቅ ነው» አሏቸው። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተቀመጥኩ ነኝ ይላሉ። በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ የሰውን ልጅ ሁሉ የሚያናግሩት እናት የገዛ ልጃቸው ጎረምሳ በሆነችበት ዘመን ከአንድ ቃል በላይ ሊያወጡባት አልቻሉም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ልጅቷ፣ «እማዬን ለማናገር እኔም ካርድ ላውጣ እንዴ?» ብላ አባቷን እንደጠየቀች ሲነገራቸው፣ ዶክተር የዚያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ እናትና ልጅ ምንም ሳይነጋገሩ እንኳ ቢሆን አብረው በእግር ይወጡ ነበር።

በሆስፒታሉ ሕግ አንድ ልጅ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሕፃናት ክፍል ይታከማል፤ ከሞላው በኋላ ግን በማግስቱ ትልቅ ሰው ሆኖ ያድራል። የስኳር ሕመም የነበረባት አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሕግ መሠረት በትልልቅ ሴቶች ክፍል፣ በሁለት አሮጊቶች መካከል እንድትተኛ ተደረገች። መርፌዋን አቋርጣ እንደሆነና የወንድ ጓደኛ ይኖራት እንደሆነ በእናቷና በመላው ክፍል ፊት ተጠየቀች፤ እርሷም ለሁሉም የለም፣ የለም ብላ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጠሩላት። አመሻሹ ላይ በቀኝ በኩል የተኙት አሮጊት ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ለማንም ሳትናገር ከሆስፒታሉ ወጣች። ከቀናት በኋላ ራሷን ስታ በሰው ሸክም ተመለሰች፤ አልተረፈችም። በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የሕመሙ ምክንያት በረጅሙ ሲተነተን ዶክተር ተነሥተው፣ «ይቺን ልጅ የገደላት ስኳር አይደለም፤ ያስተኛናት ቦታ ነው» ብለው ተቀመጡ። ተንታኙም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተር ለነዚህ ልጆች የሚሆን አንዲት ክፍል ብቻ እንድትሰጣቸው መወትወት ጀመሩ፤ አስተዳዳሪ ሄዶ አስተዳዳሪ ሲተካ እርሳቸው ግን ያችኑ ጥያቄ ይዘው ደጅ ጠኑ። በመጨረሻም አፋቸውን ለማዘጋት ሲባል፣ በኮሪደሩ መጨረሻ የነበረችው አሮጌ የአንሶላ መጋዘን ተለቀቀችላቸው። ክፍሏ ጠባብና ጨለማ ብትሆንም፣ ወደ ጎን መንገድ የሚያወጣ፣ ዝጎ የተጣበቀ በር ነበራት፤ ዶክተርም ክፍሏን የፈለጓት ለዚህ በር ሲሉ ነው። በዋናው በር የሚገባ ልጅ በካርድ ክፍል መስኮት ስሙና ሕመሙ ጎረቤት እየሰማ ይጠራል፤ በጎን በር የሚገባውን ግን ማንም አያየውም። ብየዳ ሠራተኛ አስጠርተው በሩን አስከፈቱ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መውጫ በኋላም ልጆቹን ማየት ጀመሩ። ወላጅ መጀመሪያ ውጭ ይቀመጣል፤ ልጁ የተናገረው ከክፍሏ አይወጣም።

ወደዚያች ክፍል ሲገቡ እሬትነታቸውን በር ላይ ትተው ይገቡ ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። የሚጥል በሽታ ክኒኑን ላቋረጠ ጎረምሳ፣ ካልዋጥክ ትወድቃለህ፣ የምትወድቀው ደግሞ ቤትህ ሳይሆን የምትወዳት ልጅ ፊት ነው ማለታቸውን፣ ጎረምሳው አድጎ ያችኑ ልጅ ካገባ በኋላ እርሱ ራሱ በአደባባይ አውርቶታል። ልጆቹ እርሳቸውን የሚመርጡት ስለማይዋሿቸው ነበር።

የክፍሏ ወሬ እየተሰማ ሲሄድ ዶክተር በአንድ የሙያ መምረጫ ቀን ላይ ተማሪዎችን ወደ ሕፃናትና ወጣቶች ሕክምና እንዲጋብዙ ተለመኑ። መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ልጅ የምትወዱ ከሆነ ውለዱ፤ ወደ እኔ አትምጡ። እኔ የምፈልገው ልጅ ሲዋሽ ሳይሆን ልጅ ሲዋሹት የሚያንገሸግሸውን ሰው ነው» ብለው ወረዱ። አዘጋጆቹ ሁለተኛ አልጠሯቸውም። በዚያ ቀን የሰማቻቸው አንዲት ተማሪ ግን በማግስቱ የጎን በሩን አንኳኩታ መጣች፤ ዛሬ ሐኪም ሆና እዚህ ከመካከላችን ቆማለች።

ከዚህ በኋላ ነው የሆስፒታሉ አለቆች «አፍላ ወጣቶች» የምትለዋን ቃል የለመዷት። ሆስፒታሉ ስለ አፍላ ወጣቶች ጤና የማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተመረጠ፤ ማሠልጠኛ ደግሞ አዳራሽ ይፈልጋል። በሕንፃው ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ተፈልጎ፣ ተፈልጎ፣ ለአፍላ ወጣቶች ማሠልጠኛ የሚመች ሆኖ የተገኘው የአፍላ ወጣቶቹ ክፍል ሆነ። ግድግዳው ፈርሶ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተቀላቀለ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቆዳ ወንበር ገባ፣ የፕሮጀክተሩ ሸራም በጎን በሩ ላይ ተሰቀለ። ልጆቹ ለጊዜው በዋናው በር እንዲስተናገዱ ተባለ። ዶክተር በመጀመሪያው ሥልጠና ላይ እንዲያስተምሩ ሲጠየቁ እምቢ ብለው የነበረ ቢሆንም፣ ሥልጠናው እንዳበቃ ክፍሏ ትመለሳለች ስለተባሉ ብቻ ተስማሙ።

የሥልጠናው ርዕስ አፍላ ወጣቶችን በፈገግታ ስለ መቀበል ነበር። በሁለተኛው ቀን አስተባባሪው ሠልጣኞቹን ተውኔት ቢጤ አስጀመራቸው፤ አንድ መላጣ ዋና ሐኪም የአሥራ ስድስት ዓመት ዓይን አፋር ልጃገረድ ሆነው፣ መሐረብ ጣል አድርገው ሲሽኮረመሙ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በዚህ መካከል ከሸራው ኋላ በሩ ተንኳኳ። ሁሉም ሰምተዋል። አስተባባሪው ለዘበኛው በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ዘበኛውም ዞሮ ሄዶ፣ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ሂድ ከዚህ አለ። ዶክተር በመስኮቱ ሲያዩ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ቦርሳውን አቅፎ ቆሟል፤ ልጁን ያውቁታል። በሩ በሸራ ስለተጋረደ በኮሪደሩ ወጥተው፣ በዋናው በር ዞረው ጎን መንገዱ ላይ ሲደርሱ ልጁ ሄዷል። ወደ አዳራሹ ተመልሰው፣ «ልጁን አባራችሁ ልጅ መስላችሁ ትጫወታላችሁ» አሉ፤ ቦርሳቸውንም አንሥተው ወጡ። ሠልጣኞቹ ሻይ ጠጥተው ቀጠሉ፤ በመጨረሻም ሥልጠናው በጣም ጥሩ ነበር ተብሎ ተጨበጨበ።

ዶክተር ልጁን በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲፈልጉ ሰንብተው አገኙት። ማን እንደሆነ፣ ምንስ አሞት እንደመጣ ለባለቤታቸው እንኳ ተናግረው አያውቁም። ክፍሏ ግን አልተመለሰችም፤ ከአንዱ ሥልጠና ሌላው እየተቀጠለ «ለጊዜው» የተባለው ዓመታት አስቆጠረ። ዶክተር ከኮሪደሩ ደረጃ ሥር አግዳሚ ወንበር አስገብተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ማክሰኞና ሐሙስ እዚያው ማየት ቀጠሉ። ደረጃውን እየረገጡ ከአዳራሹ ወደ ፎቅ ለሻይ የሚወጡ ሠልጣኞች ኮቴ ከራሳቸው በላይ ሲንኳኳ፣ ልጁ ንግግሩን እንዳያቋርጥ እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ሲያማቸው ሕመሙ ምን እንደሆነ ከሐኪሞቻቸው ቀድመው ዐወቁት፤ ሐኪሞቹ ሲያለሳልሱባቸውም እንደ ልማዳቸው ተቆጧቸው። ከአልጋ ሲውሉ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አበባ አስይዘው ቤት ድረስ መጡ፤ አዳራሹ በዶክተር ስም እንዲሰየም መወሰኑንም አበሠሯቸው። ዶክተር የጎን በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቁ። ዳይሬክተሩ ቁልፉ እየተፈለገ ነው አሉ። «ስሜን ተዉትና በሩን ክፈቱ፤ በስሜ የሚገባ ልጅ የለም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሳምንቱ፣ በማለዳ፣ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ዐረፉ።

ስያሜው በዚህ ሥርዓት ላይ በይፋ እንዲነገር ዛሬ ጠዋት በድጋሚ ተጠይቀናል። ተጠይቀን ነበርና ይኸው ነገርናችሁ። ቤተሰቡ ግን ስሙን አልሰጠም፤ በሩ እንደተዘጋ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ስም ከቤታችን አይወጣም። የሆስፒታሉ ሰዎች የእህታችንን ሬሳ በፈገግታ ሊቀበሉ የመጡ ከሆነ፣ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ወደ እርሳቸው የመጡትን ልጆች ያባረሩበትን እጃቸውን መጀመሪያ ይዩት።

ዶክተር ባለቤታቸውን፣ አንድ ሴት ልጃቸውን፣ ይህን የሚያነበውን ወንድማቸውንና ከነገ በስቲያ ሐሙስ ከደረጃው ሥር የምትቀመጠውን ሐኪም ትተው ሄደዋል። ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ገሚሱ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ገሚሱ የራሱን ልጅ ይዞ የቆመ ብዙ ሰው እናያለን፤ ከቤተሰቡ የሚያውቃቸው የለም። ለእርሳቸው ምናቸው እንደሆኑ በሰው ፊት አንጠይቃቸውም፤ ቀብሩ ሲያበቃ ግን ቤቱ ክፍት ነው፣ ይግቡ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን፤ ለተለያቸው ሁሉ መጽናናትን፣ በሩን ለዘጉት ደግሞ እፍረትን ይስጥልን።