በቦላንሌ ላይ የተቆለፈው በር

— ሄሎ… አዎ፣ ደጊቱ ነኝ። ስድስት ጊዜ ደውዬልህ አሁን ነው የምትመልሰው፣ ዘገዬ?

— የት እንደሆንኩማ ታውቃለህ። እዚሁ ቻምብሊ ያለው አዳራሻችን በር ላይ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገህ ስታየኝ አይቼሃለሁ እኮ።

— ትናንት አዳራሹን ለነቦላንሌ ኮንፈርም አድርገህላቸው ዛሬ ለምን ትቆልፍባቸዋለህ?… ምን?… የምን ጣዖት? ማን ነው እንደዚያ ያለህ?… ዩቲዩብ ላይ አየሁ ትለኛለህ?

— ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ኤጉንጉን ይባላል። ዮሩባዎች፣ የቦላንሌ ወገኖች፣ በዓመት አንዴ የሞቱባቸውን የሚያስቡበት በዓል ነው። አንዱ ከራሱ እስከ እግሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ይወጣል፤ ማን እንደሆነ አይታይም። አባት፣ አያት ሊጠይቃቸው እንደመጣ ነው የሚቆጥሩት። ቤተሰቡም በየዓመቱ አዲስ ጨርቅ ይሰፋበታል… አዎ፣ ያ ያስፈራህ ልብስ።

— ሊዲያ፣ ልጄ፣ ከመኪናው ውስጥ ወንበር አውጪና ለቦላንሌ ስጫት። እግሯን ያማታል።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ዘንድሮ የተሰፋው የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የአባቷ ሸሚዝ ነው። እህቷ ከአገራቸው ከኢባዳን ቆርጣ ላከችላት። ጥር ላይ ሲሞት ግሪን ካርዷ ፕሮሰስ ላይ ስለነበር መሄድ አልቻለችም። አልቀበረችውም፣ ዘገዬ። ከሰው ጋር ሆና የምታለቅስለት ዛሬ ነው። አንተ ደግሞ በር ትዘጋባታለህ።

— የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይለኛል ትላለህ?… ስገድ ያለህ አለ? በሩን ክፈት ነው ያልኩህ።

— የአባትህን መርዶ የሰማህ ቀን፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ስትወድቅ ማን አነሳህ? ማን ነድታ ቤት አመጣችህ?… ንገረኝ እንጂ… አዎ፣ እሷ። ሥራዋን ጥላ ሦስት ቀን አብራን ተቀመጠች። ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችን?

— ስለ አባቷ አልነገረችኝም ትላለህ?… አንተ መቼ ጠየቅካት?

— እና አሁን ልክፈት ነው የምትለው?… አይ፣ ሊዲያን አልክልህም። ቁልፉን በጓሮ በር አቀብላታለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ራስህ በፊት ለፊት ውጣ።

— እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ። የዘጋኸው በኔ ላይ አይደለም… ምን እንደምትላትማ እኔ አላውቅም። የአባትሽን ነፍስ ይማር በላት። ለሌላው ሰው ስትለው ሰምቼሃለሁ።

— በቃ፣ አርባ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል… አይ፣ ስልኩ ላይ አላቆይህም። እኔ ስዘጋው አንተ ተነስ።