የፍየል ቆዳው ካሜራ

በደርግ ጊዜ ጂንካ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። መቶ ሃያ የሚባለውን ፊልም ከሚጎርስ የተሰበረ ካሜራ ሌንሱንና የፊልም ማስገቢያውን ነቅዬ፣ በሳንቃና በፍየል ቆዳ ትልቅ ካሜራ ሠራሁና ገበያ ላይ ተከልኩት። ወዲያው አንድ አብዮት ጠባቂ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካሜራ ነው፣ ጓድ።»

አላመነኝም። ካሜራው ላይ የጣልኩትን ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ምስሉ የሚያርፍበትን የኋላ መስታወት ሲያይ ቆየ። ሰበብ እየፈለገብኝ መሰለኝ።

«ና ግባ» አለኝ። ከጨርቁ ስር ገባሁ። መስታወቱ ላይ ገበያተኛው ተገልብጦ ይታያል። አንዱን ሰው በጣቱ አሳየኝና፣ «ጨው ሻጯ ጋ የቆመው በሰላይነት ጠቁሞሃል። ቤትህ እንዳትገባ» አለኝ በሹክሹክታ።

ካሜራውን እዚያው ትቼ ካኮ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ አክስቴ ጋ ሄድኩ። በዚያው ቀን ቤቴ ተፈተሸ። ከወራት በኋላ ስመለስ ካሜራዬን ቀበሌ አገኘሁት፤ ያንን አብዮት ጠባቂ ግን አየሁት የሚል ሰው አጣሁ።