ቀን የማይተኙበት አልጋ

ሽማግሌው ሐኪም ከሥልጠናው አዳራሽ በጓሮ በር ሹልክ ሲሉ፣ ደረጃው ላይ ከአሠልጣኟ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አሠልጣኟ ደግሞ የገዛ እህታቸው ልጅ ናት።

“ጋሼ፣ ወዴት ነው? ገና አልጨረስንም እኮ።”

“ወደ ሥራዬ ነዋ! ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የመጠለያው ኃላፊ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ስለ አንድ ጎዳና አዳሪ ሲያወራ ይውላል። ውሃ ወቀጣ! ደግሞ ‘ድር ቢያብር’ ብለሽ እንዳትጀምሪኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው ነው የዋልኩት።”

ያናደዳቸው ግን ስብሰባው ብቻ አልነበረም። “አሥር አለቃ” እየተባለ የሚጠራ በግቢው የቤት አልባዎች መጠለያ የሚያድር የቀድሞ ወታደር የእግሩ ቁስል አልድን ብሎ አንጀታቸውን አሳርሮታል። ከጦር ሜዳ በሁለት እግሩ የተመለሰ ሰው፣ በመጪው ሳምንት አንዱን ሊያጣ ነው።

“ያ ሰውዬ ያሳብደኛል! ‘እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ፣ አትራመድ’ እለዋለሁ። ‘እሺ ጌታዬ’ ይልና ጆሮ ዳባ ልበስ! በቀጠሮው እብጠቱ ብሶበት ይመጣል።”

“ለምን እንደማይተኛ ጠይቀውት ያውቃሉ?”

“ሐኪም ነኝ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም!”

“እሺ ጋሼ። ለእኔ ሲሉ የእሱ ጉዳይ እስኪነሳ ብቻ ይቀመጡ። ካልረባዎት በጓሮው በር እኔው ራሴ እሸኝዎታለሁ።”

የእህት ልጅ ለምና እንዴት እንቢ ይባላል? እያጉረመረሙ ተመለሱ። አሥር አለቃ ራሱም ተጋብዞ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሠልጣኞቹ መሐል ተቀምጧል። ሐኪሙም ትእዛዛቸውን ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብለው ደገሙት።

የመጠለያው ኃላፊ ክው አለ። “እንዴት አድርጎ ይተኛል ዶክተር? እኛ ጋ እኮ ሲነጋ ሁሉም ይወጣል፤ በሩ እስኪመሽ ይቆለፋል። ደንብ ነው። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ብቻ ነው ቀን የሚተኛው።”

“ታዲያ እኔ አዝዤለት የለ!”

“ለእሱ እንጂ ለእኔ መቼ ነገሩኝ?”

ሐኪሙ ወደ ታማሚው ዞሩ። “አንተስ? አፍ የለህም?”

“ጌታዬ፣ እርስዎ ተኛ አሉኝ፤ እሳቸው ውጣ አሉኝ። ሁለታችሁም አለቃ ናችሁ፤ ወታደር ደግሞ አለቃን ከአለቃ አያጣላም። ማታ እየተኛሁ ቀን እየዞርኩ ሁለታችሁንም ታዘዝኩ።”

እንቢተኛ ሲሉት የኖሩት ሰው ለካ ታዛዥነቱ ነው እግሩን የበላው! ሐኪሙ ኩም አሉ፤ ሲያንገበግባቸው የከረመው ንዴትም ወደ ራሳቸው ዞረ። አይ አለመጠያየቅ! በአንድ ግቢ እየሠሩ፣ አንዱ የገነባውን ሌላው ሳያውቅ ሲያፈርስ መኖር!

የአሥር አለቃን እግር የመቁረጡ ነገር ያኔውኑ ቀረ። የቀን አልጋ ተፈቀደ፤ ነርሷም ቁስሉን መጠለያው ድረስ እየሄደች ልታሽግ ተስማማች። ቁስሉ ቀስ በቀስ ጠገገ።

በሌላ የሥልጠና ዙር አንድ ወጣት ሐኪም በጓሮው በር ሊያመልጥ ሲል ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

“ተመለስ ልጄ! ‘የት ያምዎታል?’ ብቻ አይበቃም፤ ‘ቀን የት ይውላሉ?’ ብለህ ጠይቅ። ታማሚው ባይነግርህ አጠገብህ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባህ ይነግርሃል። በየፊናችን ስናዝ በሽተኛው ይመላለሳል፣ መድኃኒቱ ይባክናል፣ የሚድን እግር ይቆረጣል። ስንመካከር ግን ሰው በእግሩ ይሄዳል።”

ይህን ሲሉ አንድ ሰው ደረጃውን ቀስ እያለ ሲወጣ ሰሙና ዞር አሉ።

“ይግቡ አሥር አለቃ፣ ይቅደሙ።”

“እሺ ጌታዬ” አለ በሁለት እግሩ እያለፈ፣ “አሁንማ ትእዛዙ አንድ ሆኗል።”